ስም ያልተጻፈበት ሕንፃ

ወደ መርካቶ ገብቶ ሸቀጥ የሚመለከት ሰው ሁሉ ዕቃው ስም እንዳለው ያስተውላል። የሲሚንቶው ከረጢት የፋብሪካውን ስም ይዟል፤ በቀለሙ ጣሳ ላይ ምልክት ታትሞበታል፤ የሚስማሩ ካርቶን፣ የመኪናው ጎማ፣ የሳሙናው ልባስ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ ሠራው ይናገራል። ባለ ሱቁም ቢጠየቅ የትኛው ጎማ በጠጠር መንገድ እንደሚጸና፣ የትኛው ቀለም በክረምት እንደሚላጥ ስሙን እየጠራ ያስረዳል። ነገር ግን ያው ባለ ሱቅ ይህ ሁሉ ዕቃ የተደረደረበትን ሕንፃ ማን እንደ ነደፈው ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም። ከዕቃው ሁሉ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የወጣበትና ረዥም ዘመን የሚቆየው ሕንፃ የሠሪው ስም የማይታወቅ ሸቀጥ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሲመረመር ግን የሁለት ወገን ኪስ የሚነካ ነው፤ አንደኛው ወገን አሠሪው ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው ወገን አራት ወይም አምስት ሰው ሆኖ በአንዲት ክፍል ፕላን የሚነድፈው አነስተኛ የአርክቴክት ቢሮ ነው።

አንድ አስመጪ ከውጭ አገር ዕቃ ሲያስመጣ ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደሚሠራ የታወቀ ነው። አስቀድሞ ናሙና ያስልካል፤ ስለ ላኪው ጠባይና አቅም ከሌሎች ደንበኞች ይጠይቃል፤ ዋጋውን፣ የሚላክበትን ቀንና የዕቃውን ደረጃ በጽሑፍ ያስወስናል፤ ባንኩም ሰነዱ ተሟልቶ ሳይቀርብ ገንዘቡን እንዳይከፍል ያደርጋል። ያው ሰው መጋዘን ወይም ባለ ሦስት ፎቅ የንግድ ቤት ለማሠራት ሲነሣ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ይለየዋል። ከሦስት ቢሮዎች ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ሦስቱም ወረቀቶች በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ። ከላይ የቢሮው ስምና ማኅተም፣ ከመካከል የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ፕላን የሚል አንድ መስመር፣ ከታች የብር ልክ አለባቸው። ቢሮው ከዚህ በፊት ምን እንደ ሠራ፣ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀ፣ ያሠራው ሰው ይመስገን ወይም ይማረር አንድም ቃል የለም። በሦስቱ መካከል ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ ነጋዴው ትንሹን ቁጥር ይመርጣል፤ አለዚያም ወረቀቶቹን ሁሉ ትቶ የአጎቱ ልጅ ለሚያውቀው ሰው ይሰጣል።

የዚህም ምርጫ ውጤት ሕንፃው ካለቀ በኋላ ይገለጣል። ከባድ መኪና ኋላውን አዙሮ መግባት የማይችልበት መጋዘን ይሠራል፤ ምሰሶው በማሳያው መስኮት ፊት የተገተረበት ሱቅ ይቆማል፤ ለኪራይ ምርጥ የሆነውን የፊት ቦታ ደረጃው የበላበት ፎቅ ይነሣል፤ አሸንዳው ጠቦ በሐምሌ ዝናብ ውኃው ወደ ውስጥ የሚመለስበት ጣራ ይከደናል። ከንድፉ ዋጋ ላይ የተቀነሰው ገንዘብ አንድ ጭነት ስኳር በመጋዘን ውስጥ የረጠበ ዕለት ከነወለዱ ይከፈላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ተረት ለእህል ብቻ የተነገረ አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ መጣል ቅን ፍርድ አይሆንም። ለመምረጥ የሚያስችል ነገር ያልተነገረው ሰው በቁጥር ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገሩ በይበልጥ የሚመለከተው አነስተኛውን የአርክቴክት ቢሮ ነው፤ ምክንያቱም ቢሮው ሥራውን ሠርቶ ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ብሂል ከሰው ጋር ለመኖር መልካም ምክር ነው፤ ለገበያ ግን በቂ ምክር አይደለም። ዝምታ ባይነቅዝም ደንበኛ አያመጣም።

ለዚህ ዝምታ ምክንያት አለው። የአርክቴክት ሙያ በአውሮፓና በአሜሪካ በማኅበር ሲደራጅ ራሱን ከሐኪምና ከጠበቃ ሙያ ጋር አስተካክሎ ስለ ቈጠረ ማስታወቂያ ማውጣትን እንደ ነውር ተመለከተው። የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት በ1909 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ማስታወቂያ ለሙያው የማይገባ ሥራ መሆኑን ጻፈ። ይህም ክልከላ ብዙ ዘመን ጸንቶ ከቆየ በኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነፃ ውድድር ሕግ ጥያቄ ሲነሣ ላላ። የክልከላው መነሻ ክፉ አልነበረም። ሰው ልጆቹን ከሚያሳድርበት ጣራ በታች የሚያስገባው በእምነት ስለሆነ፣ እምነትን በጩኸት መሸጥ እንዳይለመድ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ጩኸትን መከልከልና መታወቅን መከልከል አንድ አይደሉም። ደንቡ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ ከወጣ በኋላ ስማቸው ከአገር አገር የተሰማው አርክቴክቶች ሥራቸውን ለሰው ማሳወቅን የሚያውቁበት ሰዎች ነበሩ።

ለዚህ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ምስክር አንድሬያ ፓላዲዮ ነው። ይህ ሰው በድንጋይ ጠራቢነት ተነሥቶ በሰሜን ኢጣልያ በቪቼንዛ ከተማና በአካባቢው ገጠር የባለ ርስቶችን ቤት የሚሠራ ነበር። በ1570 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ከተማ ስለ ሥነ ሕንፃ አራት ክፍል ያለው መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ጥንት ሮማውያን አሠራር ብቻ አልጻፈም፤ ራሱ የሠራቸውን ቤቶች ፕላን ከነልካቸው፣ ያሠሯቸውንም ሰዎች ስም እየጠራ አሳየ። ያ መጽሐፍ ከሞተ በኋላ እንኳ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሰዎች በእሱ አምሳል ቤት እንዲሠሩ አደረገ። ፓላዲዮ ስለ ራሱ ታላቅነት በመናገር ፈንታ የሠራውን ሥራ፣ ልኩንና አሠሪውን በመጻፉ፣ አንባቢው ሄዶ ሊያረጋግጥ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ምስክር አሜሪካዊው ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ገና የ33 ዓመት ሰው ሳለ በብዙ ቤተሰብ ይነበብ በነበረው ሌዲስ ሆም ጆርናል በተባለው መጽሔት ላይ የመኖሪያ ቤት ንድፍ አወጣ። ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ከንድፉ ጋር የግንባታው ግምት አብሮ መውጣቱ ነው፤ ዋጋውም ወደ 7,000 ዶላር ነበር። አንዲት የቤት እመቤት መጽሔቱን በወጥ ቤቷ ተቀምጣ ስታነብ ይህን ቤት አቅሟ እንደሚችለው ወይም እንደማይችለው ወዲያው ታውቅ ነበር። ዋጋን መደበቅ የትልቅነት ምልክት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስብበት ይጠቀማል።

ሦስተኛው ምስክር በዲትሮይት ከተማ በ1895 እ.ኤ.አ. ቢሮውን የከፈተው አልበርት ካን ነው። ካን የታወቀበት ሥራ ፋብሪካ ነበር። ብዙ አርክቴክቶች ፋብሪካን ለሙያቸው ዝቅ ያለ ሥራ አድርገው በሚቈጥሩበት ዘመን እርሱ በ1905 እ.ኤ.አ. ለፓካርድ የመኪና ኩባንያ በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ሰፊ አዳራሽ ያለው ፋብሪካ ነደፈ፤ ከዚያም በ1910 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን የፎርድን የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ሠራ። ፋብሪካ ለማሠራት የፈለገ ባለ ኢንዱስትሪ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያጠራጥረው አልነበረም። በአንድ ዓይነት ሥራ መታወቅ ለአነስተኛ ቢሮ ከሁሉ የሚበልጥ ማስታወቂያ መሆኑን የካን ታሪክ ያስረዳል።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የሚታየው ነገር ያሳዝናል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽና የከተማውን ማዘጋጃ ቤት የማያውቅ ነዋሪ የለም፤ ሁለቱንም የነደፈው ሥራውን በአሥመራ የጀመረው ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በብሔራዊ ቴአትርና በክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ ፊት በየቀኑ ብዙ ሺሕ ሰው ያልፋል፤ የፈረንሳዊውን የአንሪ ሾሜትን ስም የሚጠራ ሰው ግን ብርቅ ነው። ሚካኤል ቴድሮስ ከዛልማን ኤናቭ ጋር በአንድ ቢሮ ሆነው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ መንደፋቸውን የሚያስታውሰው የሙያው ሰው ነው። እነዚህ የመንግሥት ሥራ የያዙ ሰዎች ስለ ነበሩ ስማቸው ቢያንስ በታሪክ ጸሐፊዎች መዝገብ ቀርቷል። ዛሬ ለባለ ሱቅ፣ ለባለ ሆቴልና ለቡና ላኪ የሚነድፈው አነስተኛ ቢሮ ግን መዝጋቢም የለው። ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ በአጥሩ ላይ የአሠሪው፣ የአማካሪውና የሥራ ተቋራጩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞ ይታያል፤ ሕንፃው ሲያልቅ ሰሌዳው ከቆርቆሮው አጥር ጋር ተነቅሎ ይወሰዳል። ሕንፃው ለመታየት በበቃበት ዕለት የነዳፊው ስም ይጠፋል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፤ ዛሬ ዝም ያላሉ ቢሮዎችም አሉ። በኮምፒዩተር የተሣለ ሕንፃ በቴሌግራምና በፌስቡክ በየቀኑ ሲወጣ ይታያል። መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ በደጁ አዲስ መኪና ቆሞበታል፤ ሰማዩም ደመና የለበትም። ነገር ግን ከእነዚህ ምስሎች መካከል በመሬት ላይ የቆመው የትኛው እንደሆነ ተመልካቹ ሊያውቅ አይችልም። ያልተሠራ ሕንፃ አያፈስም፤ ምሰሶውም መንገድ አይዘጋም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ሥዕል የነዳፊውን ምኞት ያሳያል፤ ነጋዴው ማወቅ የሚፈልገው ግን ነዳፊው የገባውን ቃል መፈጸሙን ነው።

ስም ሀብት መሆኑን ከቡና ላኪው በላይ የሚያውቅ የለም። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በልዩ ልዩ አገሮች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ በአሜሪካ ክርክር ገጥሟት ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። ያን ያህል ድካም የተደከመው ስሙ ዋጋ ስላለው ነው። ስሙም ዋጋ ያገኘው ቀማሹ በየጊዜው በጽዋው ውስጥ ያንኑ ጣዕም ስላገኘ እንጂ ቃሉ ለጆሮ ስለሚጥም አይደለም። የአርክቴክት ቢሮ ስምም እንዲሁ ነው። ከስሙ በስተኋላ ሄደው የሚያዩት፣ በእጅ የሚዳስሱት፣ በውስጡም ነግዶ የሚያተርፍ ሰው የሚመሰክርለት ሕንፃ ሊኖር ይገባል።

እንግዲህ አነስተኛው ቢሮ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሊያደርግ የሚችለው ምንድን ነው? ቀጥሎ ያሉትን አምስት ነገሮች ማመልከት ይቻላል።

አንደኛ፤ ቢሮው የሚታወቅበትን ሥራ ይምረጥ። ሁሉን እሠራለሁ የሚል ጽሑፍ በሁሉም ሰሌዳ ላይ ስላለ አንዱን ከሌላው አይለይም። አንዱ ቢሮ በመጋዘን፣ አንዱ በሱቅና በማሳያ ክፍል፣ አንዱ በቡና ማበጠሪያና ማከማቻ፣ አንዱ አሮጌ ቤት በማደስ ቢታወቅ፣ ነጋዴው ችግሩን ይዞ ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። ሌላ ሥራ ሲመጣ መቀበል አይከለከልም፤ ሆኖም ስም የሚተከለው በአንድ ስፍራ ነው።

ሁለተኛ፤ ስላለቀው ሕንፃ ሁሉ አንድ ገጽ ይጻፍ። በዚያ ገጽ ላይ ሕንፃው የሚገኝበት ስፍራ፣ ስፋቱ፣ አሠሪው ሲፈቅድ ስሙ፣ በመጀመሪያ የተገመተው ወጪና በመጨረሻ የወጣው ወጪ፣ የተቀጠረው ጊዜና የፈጀው ጊዜ ይመዝገብ። አሠሪው ይዞት የመጣው ችግር ምን እንደ ነበረና በምን ዘዴ እንደ ተቃለለም በሁለትና በሦስት መስመር ይገለጽ። አንድ ፎቶግራፍ ይጨመርበት፤ ፎቶግራፉም ሕንፃው ከተመረቀ ከዓመት በኋላ፣ ዕቃ ሞልቶበትና ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት የተነሣ ይሁን። እንዲህ ያለ ገጽ አሥር ያህል ያለው ቢሮ ከፕሮፎርማው ጋር አያይዞ ሲልክ፣ ትንሹ ቁጥር ብቻውን የሚያሸንፍበት ቀን ያበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። የተገመተውና የወጣው ወጪ ጐን ለጐን ሲጻፍ ነዳፊው ባላጠፋው ጥፋት ሊያፍር ይችላል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ በሚገባው ብረት፣ መስታወትና ኬብል ላይ የታየውን የዋጋ ለውጥ አርክቴክት ሊገታው አይችልም የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን አስመጪው ከአርክቴክቱ የተሻለ ያውቀዋል። ልዩነቱ ከነምክንያቱ ሲጻፍለት፣ ይህ በምንዛሪ የመጣ፣ ይህ አሠሪው በመካከል አሳቡን በመለወጡ የመጣ፣ ይህ ግን በንድፉ ጉድለት የመጣ ነው ተብሎ ሲለይለት፣ እምነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በመዝገቡ ላይ ትርፉን ብቻ የሚጽፍ ነጋዴን ማንም እንደማያምነው፣ ምስጋናውን ብቻ የሚጽፍ ቢሮም አይታመንም።

ሦስተኛ፤ ስሙ በሕንፃው ላይ ይቅር። በፓሪስ ከተማ በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ግንብ ላይ የአርክቴክቱ ስምና የተሠራበት ዓመት በድንጋዩ ተቀርጾ ይነበባል። ስሙ የተጻፈው በትንሽ ፊደል ስለሆነ የሕንፃውን መልክ አያበላሽም፤ የባለቤቱንም ክብር አይቀንስም። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥነ ሕንፃን ሥራ ከሚጠበቁት የአእምሮ ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል፤ ሠሪውም በስሙ እንዲታወቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ቢሮው ከአሠሪው ጋር ውል ሲዋዋል በበሩ አጠገብ የአንድ ክንድ ያህል ድንጋይ እንዲቀመጥ አንድ አንቀጽ ቢያስገባ ልመና አይሆንበትም። ስሙን በድንጋይ ለማስቀረጽ የተስማማ ሰው ሥራውን አቃሎ እንደማይሠራም የታወቀ ነው።

አራተኛ፤ ቢሮው ወደ ሠራው ሕንፃ ይመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ሕንፃ የሚሠራው ተቋራጭ ለሥራው ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ነዳፊው ግን ሕግ ሳያስገድደው ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ሄዶ ጣራውን፣ አሸንዳውንና የምድር ቤቱን ግድግዳ ቢያይ፣ ባለቤቱን እንዴት ነግደህበታል ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያወጣው ወጪ የታክሲ ብቻ ነው። ያ ባለቤት በሚቀጥለው ሰንበት በለቅሶ ቤት ወይም በሠርግ ቤት ተቀምጦ ስለዚያ ቢሮ የሚናገረውን ቃል በሺሕ ብር ማስታወቂያ መግዛት አይቻልም። ከዚህም በላይ ነዳፊው ራሱ ስሕተቱን የሚማረው ከዚያ ጣራ ሥር ነው።

አምስተኛ፤ ስሙ ከሌላው የማይምታታ ይሁን፤ ይመዝገብም። ፊደላት ብቻ ተደርድረው የተሠሩ፣ ከውጭ ቋንቋ ተቈርጠው የተቀጠሉ፣ እርስ በርሳቸውም የሚመሳሰሉ ስሞች ደንበኛን ያሳስታሉ። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የአገልግሎት ሰጪዎችን ምልክት ጭምር ይጠብቃል፤ ምዝገባውም ለ7 ዓመት ጸንቶ በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ነጋዴ ለሸቀጡ ምልክት የሚያስመዘግብ ከሆነ ለሚያስበው አእምሮ ምልክት ማስመዝገብ እንግዳ ነገር አይሆንም። ከዚህ ጋር ሁለትና ሦስት ቢሮዎች ተባብረው በንግድ ትርዒት ላይ አንድ ስፍራ ቢከራዩ፣ ያለቁ ሥራዎቻቸውን ከነሞዴላቸው ቢያሳዩ፣ ለአንዱ የከበደው ወጪ ለሦስቱ ይቀላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል።

ይህ ሁሉ ግን በቢሮው ትጋት ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ነጋዴውም የበኩሉን ይወጣ። በገበያው ውስጥ ሥር እየሰደዱ የመጡ ሁለት ልማዶች አሉ፤ ሁለቱም ለነጋዴው ርካሽ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ያስከፍሉታል።

የመጀመሪያው የነፃ ንድፍ ልማድ ነው። ነጋዴው ሦስት ቢሮዎችን ጠርቶ እስኪ ምን እንዳሰባችሁ አሳዩኝ ይላቸዋል። ሦስቱም ሌሊት ሲሠሩ አድረው ንድፍ ያመጣሉ፤ እርሱ የአንደኛውን አሳብ ለሁለተኛው ሰጥቶ በሦስተኛው ዋጋ ያሠራል። ይህን የሚያደርገው ሰው በሱቁ ውስጥ አንድ ሜትር ጨርቅ ለናሙና ብሎ ቈርጦ የሚሄድ ደንበኛ ቢመጣበት ፖሊስ ይጠራ ነበር። አሳብ በሜትር ስለማይለካ ብቻ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ደግሞም በነፃ የተሠራ ንድፍ በችኰላ የተሠራ ስለሚሆን፣ መሬቱን ሳይረግጡ፣ የጭነቱን መኪና ርዝመት ሳይጠይቁ ይነደፋል፤ ነፃ ሆኖ የተገኘው ነገር ዋጋውን የሚያስከፍለው በኋላ ነው። ለመጀመሪያው አሳብ መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ፣ አሳቡ ካልተስማማ በዚያው መለያየት ለሁለቱም ወገን ቅን መንገድ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ማኅተም የመግዛት ልማድ ነው። ፕላኑ በማን እንደ ተነደፈ ሳይጠየቅ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ማኅተሙን እንዲያሳርፍበት ብቻ ይፈለጋል። ነጋዴው ከጥቂት ሳምንት ድካም የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን ነገ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ ፕላኑን የሣለው ፊርማው የእኔ አይደለም ይላል፤ የፈረመው ደግሞ ንድፉ የእኔ አይደለም ይላል። ማኅተሙን የሚሸጥ ቢሮም የሚሸጠው ቀለም አይደለም፤ ያለውን ብቸኛ ሀብት፣ ስሙን ነው የሚሸጠው። ዛሬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ሕንፃ ትምህርት ተምረው በየዓመቱ የሚወጡ ወጣቶች አሉ። በሙያቸው ስም አውጥተው መኖር ካልቻሉ፣ በዋጋ መውረድ ብቻ እንዲወዳደሩ ከተገደዱ፣ ወይ ቢሮውን ይዘጋሉ፤ ወይ ወደ ማኅተም ሽያጭ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ ጥሩ መጋዘን የሚፈልግ ነጋዴ ጥሩ ነዳፊ ቢፈልግ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ነጋዴው ፕሮፎርማ ከመቀበሉ በፊት አራት ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ቢያዳብር መልካም ነው። የእኔን ሥራ የሚመስል ያለቀ ሕንፃ የት አለ? ያሠራውን ሰው ላነጋግረው እችላለሁን? የተገመተውና የወጣው ወጪ ምን ያህል ተራራቀ፤ ስለ ምንስ? ግንባታው በሚካሄድበት ጊዜ ወደ ሥራው ቦታ እየመጣ የሚቈጣጠረው ማን ነው፤ በወር ስንት ጊዜ? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ የሚመልስ ቢሮ ዋጋው ከሌሎቹ ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ፣ ልዩነቱ ለጥሩ ዕቃ ከሚከፈለው ልዩነት የተለየ አይደለም። ነጋዴ ይህን ሒሳብ በዕቃ ላይ ሲያሰላው ኖሯል፤ በሕንፃ ላይ ማሰላት የሚቀረው ነገር ነው።

ሥራችን ራሱ ይናገራል የሚሉ አርክቴክቶች ይኖራሉ። የሐረር ቡና ራሱ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ በከረጢቱ ላይ ስሙን መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ሕንፃ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ ዕቃ ይሸከማል፤ ሰው ያስጠልላል፤ ምላስ ግን የለውም። ሠሪው ስሙን ካልጻፈበት፣ ያሠራውም ሰው ካልመሰከረለት፣ መልካሙ ሕንፃና ክፉው ሕንፃ በአንድ መንገድ ዳር ጐን ለጐን እኩል ዝም ብለው ይቆማሉ፤ የሚቀጥለውም ነጋዴ እንደ ቀድሞው በትንሹ ቁጥር ይመርጣል። በበሩ አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ድንጋይ፣ በፋይል ውስጥ የምትገኝ አንዲት ገጽ ወጪያቸው ትንሽ ነው። ሁለቱ ተሟልተው ሲገኙ፣ ባለ ሱቁ ስለ ጎማው እንደሚናገር ሁሉ ስለ ሕንፃውም ማን እንደ ነደፈው፣ በስንት እንዳለቀና ክረምቱን እንዴት እንደ ቻለ ስሙን እየጠራ ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳል።